ቁጥሩ 95፣ ቀዳዳው 115፦ የአንዲት ሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ጉዳይ

ሞተር ሳይክሏን ባለቤቱ እየገፋ ነው ያመጣት። የታናሽ ወንድሜ ጓደኛ ነው፤ ከገዛት ገና ሦስት ወሩ ነበር። ባለ 125 ሲሲ፣ ባለ አራት ስትሮክ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ተራ ካርቡሬተር ያላት ናት። ከእሱ በፊት የነበራት ሰው ግን ነካክቷታል። የፋብሪካው የአየር ማጣሪያ ሳጥን ወጥቶ በቦታው ክፍት ሾጣጣ ማጣሪያ ገብቷል። የጭስ ማውጫዋ፣ ማርሚታውም፣ አጠር፣ ለቀቅ ባለ ተቀይሯል። ድምጿ ያምራል። አካሄዷ ግን አያምርም።

«ጋሼ፣ ካንዴላው ጥቁር ነው። ቤንዚን በዝቶባታል ማለት ነው አይደል?» አለኝና ድብልቁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ከኪሱ አወጣ። እውነትም ጥላሸት ለብሷል። ጣቴን ሳሳርፍበት ደረቅ ጥቁር ዱቄት ተወልኝ። «ግን ደግሞ የነዳጅ እጀታውን ስለቅ ማርሚታው ይተኩሳል። ከቆመችበት ስነሳ ትታፈናለች። ሚኒሞዋ አልረጋ ብሏል።» ሚኒሞ እጀታው ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት ዝግ ያለ ዙር ነው።

ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች አይተዋታል። አንዱ ጥቁሩን ካንዴላ አይቶ «ጄቱን ቀንስ» ብሎታል፤ ጄት ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን ናት። ሌላው ተኩሱን ሰምቶ «ጄቱን ጨምር» ብሎታል። ልጁ ግራ ገብቶት ነበር፤ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ሁለቱም ሰዎች ያዩት ነገር እውነት ነው። ጥቁር ካንዴላ ቤንዚን ሲበዛ ይመጣል። እጀታው ሲለቀቅ የሚሰማ ተኩስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤንዚን ሲያንስ ይመጣል። ታዲያ አንዲት ሞተር ሳይክል እንዴት ሁለቱንም በአንድ ላይ ታሳያለች? ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይህ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

ካርቡሬተር አንድ ቧንቧ አይደለም። በአንድ ትንሽ ብረት ውስጥ የተሰበሰቡ ሦስት አራት የቤንዚን መንገዶች ናቸው። የትኛው መንገድ እንደሚሠራ የሚወስነው የነዳጅ መስጫ እጀታው ምን ያህል እንደተከፈተ ነው። እጀታው ዝግ ሲሆንና ትንሽ ብቻ ሲከፈት የሚሠራው የሚኒሞው ጄት፣ ትንሹ ጄት፣ ነው። ትንሽ ከፍ ሲል፣ እጀታው የሚያነሳው ተንሸራታች መዝጊያ የታች ቅድ ድርሻ ይኖረዋል። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ባለው መካከል ዋናው ከተንሸራታቹ ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው መርፌ ነው። ከሦስት ሩብ በኋላ ትልቁ ጄት ይረከባል። ድንበራቸው በቢላ የተቆረጠ አይደለም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደርባል። ሞተሩ በስንት ዙር ይዞራል የሚለውም አይደለም ጉዳዩ። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ እየጮኸ እጀታው ግን ሩብ ብቻ ሊከፈት ይችላል፤ ያኔ ትልቁ ጄት ገና ወሳኝ አልሆነም።

ስለዚህ «በዛ ወይስ አነሰ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። «እጀታው የት ላይ ሲሆን?» ብለን መጨመር አለብን።

ማጣሪያው ሲከፈት ቤንዚን ለምን ያንሳል?

አየር በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ ግፊቱ ይቀንሳል። ይህ ጉሮሮ ቬንቱሪ የሚባለው ጉዳዩን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባጠናው ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሊቅ በጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ ስም ነው። ከታች ባለው ሳህን ውስጥ የተጠራቀመውን ቤንዚን የውጭው አየር ከላይ ይጫነዋል። በጉሮሮው ያለው ግፊት ከዚያ ስላነሰ ቤንዚኑ በጄቱ ቀዳዳ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ሞተሩ ቤንዚን ይስባል እንላለን እንጂ ገፍቶ የሚያወጣው የውጭው አየር ነው።

የፋብሪካው ሳጥን አፉ ጠባብ ነው። በእጅህ የካርቡሬተሩን አፍ በከፊል እንደመሸፈን ቁጠረው። ይህ መሸፈን በጉሮሮው ያለውን ግፊት ይበልጥ ስለሚያወርደው ቤንዚን በደንብ ይወጣል። ፋብሪካው ጄቱን የመረጠው ይህን አስቦ ነው። ሳጥኑ ወጥቶ ክፍት ማጣሪያ ሲገባ አየሩ ይጨምራል፣ ቤንዚኑን የሚያስወጣው የግፊት ልዩነት ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። የለቀቀ ማርሚታ ሲታከልበት ልዩነቱ ይሰፋል። አንድ ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ሙሉ ጉልበት በሚፈለግበት ሰዓት ደግሞ ሞተሩ ከዚያ ትንሽ ወፈር ያለ ድብልቅ ይወዳል፤ ለ1 ቤንዚን ከ12.5 እስከ 13 አየር አካባቢ። ክፍት ማጣሪያና ያልተነካ ጄት ሲገናኙ ድብልቁ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይሄዳል።

ሐሳቤን ሳልደብቅ ለልጁ ነግሬዋለሁ። የፋብሪካው ሳጥን ቢመለስ ይሻላል። ሳጥኑ አየሩን ያረጋጋል፣ ዝናብና አቧራ ይከላከላል፣ ክፍት ማጣሪያ በእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ላይ የሚጨምረው ጉልበትም ጥቂት ነው። ሳጥኑ ግን ከቀድሞው ባለቤት ጋር ቀርቷል፣ ልጁም ድምጿን ወዷታል። ንብረቱ የእሱ ነው። ስለዚህ ባለችበት ሁኔታ እናስተካክላት ተባባልን።

መጀመሪያ መንዳት

ካቻቢቴ ሳላነሳ ነጭ ፕላስተር አነሳሁ። አንድ ቁራጭ በእጀታው ላይ፣ አንድ ቁራጭ ከጎኑ ባለው የማይዞር ክፍል ላይ ለጠፍኩ። በእጀታው ላይ አንድ መስመር፣ በማይዞረው ላይ አምስት መስመሮች በእስክሪብቶ አሰመርኩ፦ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ፣ ሙሉ። እጅ ይዋሻል። ግማሽ ከፈትኩ ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ሩብ ላይ ነው ያለው። እኔም መስመሩን ባየሁ ቁጥር ስህተቴን አገኘዋለሁ።

ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነዳኋት። በእያንዳንዱ መስመር ላይ እጀታውን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ከዝግ እስከ ሩብ ድረስ ታፈነች፤ እጀታውን ስለቅ የሞተሩ ዙር ቶሎ አልወረደም፣ ተንጠልጥሎ ቆየ። ግማሽ ላይ ደህና ናት፣ ግን ከበድ ይላታል። ሙሉ ላይ ሞተሩ ተንቦረቦረ። ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ፍጥነት አይጨምርም።

ከዚያ የቾክ ሙከራውን አደረግሁ። ቾክ የካርቡሬተሩን አፍ በመዝጋት ድብልቁን ያወፍራል፤ ከላይ ስለ ሳጥኑ ያልኩት ነገር እጅግ በተጋነነ መልኩ ማለት ነው። ሩብ ላይ ሆኜ ቾኩን በትንሹ ስስበው ሞተሩ ጠራ፣ መታፈኑ ጠፋ። ታች ላይ ቤንዚን ይፈልግ ነበር ማለት ነው። ሙሉ ላይ ሆኜ ያንኑ ሳደርግ ሊጠፋ ደረሰ። ላይ ላይ ቤንዚኑ ከበቂ በላይ ነበር ማለት ነው።

ካርቡሬተሩ ሳይፈታ የጉዳዩ ግማሽ እዚያው መንገድ ላይ ተፈታ። ታች አንሷል፣ ላይ በዝቷል። «ቀንስ» ያለውም «ጨምር» ያለውም የየድርሻቸውን አይተዋል።

ከጄት በፊት ያለው

ጄት መቀየር ደስ ይላል፤ ቶሎ ውጤት ይታይበታልና። ግን ሌላ ቦታ ያለን ብልሽት በጄት ለመሸፈን የሞከረ ሰው መጨረሻው መዞር ነው። ስለዚህ ካርቡሬተሩን ትተን ዙሪያውን አየን። የቫልቮቹ ክፍተት በመመሪያው ልክ ነው። የካንዴላው ክፍተት ሰፍቶ ስለነበር ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር መለስነው። በሳህኑ ውስጥ ያለውን የቤንዚን ከፍታ ደግሞ ከታች ባለው ማፍሰሻ ላይ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ላስቲክ ሰክተን፣ ላስቲኩን ወደ ላይ አቁመን ተመለከትን። ልክ ነበር። የቤንዚኑን ከፍታ የሚወስነው ተንሳፋፊ ከተዛባ ሁሉም መንገድ በአንድ ላይ ስለሚዛባ ይህ መታለፍ የለበትም።

የተገኘው ችግር ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ሚኒሞ ላይ እንዳለች በመገናኛው ዙሪያ በመርጫ ጠርሙስ ጥቂት ውሃ ረጨሁ። የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። አየር በዚያ በኩል እየገባ ነበር። አንዳንድ ሰው ለዚህ ሙከራ ተቀጣጣይ ማጽጃ ይረጫል። በጋለ ሞተር ላይ እሳት የሚያስነሳ ነገር አልረጭም፤ ውሃው ሥራውን ይሠራል።

ካርቡሬተሩን አውርደን የብረት ማስመሪያ ጠርዝ በመገናኛው ፊት ላይ አጋደምኩና ከኋላው መብራት ያዝኩ። በመካከል ላይ ክር የመሰለ ብርሃን ታየ። ሁለቱ ብሎኖች ከመጠን በላይ ጠብቀው የለስላሳውን ብረት ሁለት ጆሮዎች ወደ ሞተሩ ጎትተውታል፤ መሃሉ ባዶ ቀርቷል። የውስጡ የጎማ ቀለበትም ደርቆ ጠፍጣፋ ሆኗል። ያጠበቀው ሰው አየር እንዳይገባ ብሎ ባጠበቀ ቁጥር ይበልጥ እያጎበጠው ነበር፤ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ለደግ አስቦ እንደሆነ ግን እገምታለሁ።

ፊቱን በደልዳላ መስተዋት ላይ ባነጠፍነው ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እያስነካን፣ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ፈተግነው። ልጁ ነው የፈተገው። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ማስመሪያው እንደገና ሲጋደም ብርሃኑ ጠፋ። አዲስ ቀለበት አስገባን፣ ብሎኖቹን ከሁለቱም በኩል በእኩል፣ በልኩ አሰርን። ሚኒሞው ወዲያው ረጋ። መታፈኑም ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም።

ጄቱ ሲወጣ

ቤንዚኑን ዘግተን፣ ሳህኑን አውርደን ትልቁን ጄት ፈታሁት። ጄት ከነሐስ ይሠራል፤ ለስላሳ ነው። ጫፉ በልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ ጭንቅላቱን ይበላዋል። ይህኛው ተበልቶ ነበር። በጎኑ ላይ 95 የሚል ቁጥር ታትሟል። ለዚህ ሞተር የፋብሪካው ቁጥርም 95 ነው። ልጁ ተናደደ፤ «ታዲያ ጄቱ አልተነካም ማለት ነው!» አለ።

ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየሁት። የጄት ቀዳዳ ሲታይ ክብ፣ ጠርዙ የጠራ፣ ውስጡ የሚያብለጨልጭ መሆን አለበት። የዚህ ቀዳዳ እንቁላል የመሰለ ቅርጽ ነበረው፤ በውስጡም እንደ ጠመዝማዛ ጭረት ያለ ነገር ይታይ ነበር። አንድ ሰው በቀጭን መሰርሰሪያ አስፍቶታል።

በዚህ ዓይነት ካርቡሬተር፣ ኬይሂን በሚባለው ሠሪና እሱን ተከትለው በተሠሩት ላይ፣ የጄቱ ቁጥር ከቀዳዳው ስፋት ጋር ይቀራረባል። 95 ማለት ወደ 0.95 ሚሊ ሜትር ነው። ውፍረታቸው የታወቀ የድሪል ጭራዎችን ከትንሹ ጀምሬ በቀስታ አስገባሁ። 1.00 ያለ ችግር አለፈ። 1.10 አለፈ። 1.15ም አለፈ። 1.20 ላይ ቆመ። የጎኑ ቁጥር 95 ይላል፤ ቀዳዳው ግን ቢያንስ 115 ነው።

ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ቤንዚን የሚያልፈው ግን በቀዳዳው አፍ ጠቅላላ ስፍራ ልክ ነው፣ ስፍራው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ካለው ርቀት፣ ከዲያሜትሩ፣ ካሬ ጋር ያድጋል። 1.15ን ለ0.95 አካፍለህ ውጤቱን በራሱ ብታባዛ ወደ 1.47 ይመጣል። የቀዳዳው ስፍራ 47 በመቶ ያህል ጨምሯል ማለት ነው። ሾጣጣ ማጣሪያና ማርሚታ ይህን ያህል ተጨማሪ ቤንዚን አይፈልጉም። ጥቁሩ ካንዴላ፣ ጭሱ፣ መንቦርቦሩ፣ ሁሉም ከዚህች ቀዳዳ ነው የመጡት።

ጄትን መሰርሰር፣ ወይም ሲደፈን በሽቦ መጎርጎር፣ በጣም የሚያሳዝነኝ ሥራ ነው። ቁጥሩ የተጻፈው ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እንዲያምነው ነው። አንዴ ከተነካ በኋላ ግን ያ ቁጥር ለሁሉም ሰው ውሸት ይናገራል፤ የሚቀጥለው ባለሙያ በቅን ልቡ «ጄቱ የፋብሪካው ነው» ብሎ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል። ጄት ከተደፈነ በካርቡሬተር ማጽጃ ዘፍዝፎ በአየር መንፋት ነው።

አንድ ማሳሰቢያም እዚህ ይግባ። የአንዱ ሠሪ ቁጥር ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። ሚኩኒ በሚባለው ሌላ ሠሪ ባለ ስድስት ጎን ጄት ላይ ያለው ቁጥር የሚፈሰውን መጠን እንጂ የቀዳዳውን ስፋት አይናገርም። ስለዚህ የተለያዩ ሠሪዎችን ጄት እያቀላቀሉ ቁጥር ማወዳደር አይቻልም። እኛ የአንድ ሠሪ ጄቶችን ብቻ ገዛን፦ 100፣ 102፣ 105፣ 108፣ 110።

ከትልቁ ወደ ታች

የጀመርኩት ከ110 ነው። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ይሰንፋል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ግን ሙሉ ጉልበት ላይ ሲቆይ ይግላል፣ ፒስተኑን ሊጎዳ ይችላል። ቀድሞ በትናንሽ ስኩተሮች ላይ በብዛት በነበረው በባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ የሚያለሰልሰው ዘይት የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከበዛው ተነስቶ መቀነስ ነው።

110 ሲገባ ሙሉ ላይ አሁንም ተንቦረቦረች፣ ግን ከበፊቱ እጅግ ባነሰ። 108 ላይ ጠራች፤ መጨረሻዋ ላይ ግን ትንሽ ከበዳት። 105 ላይ ልጁ ራሱ ሄዶ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል። «ጋሼ፣ ሌላ ሞተር ሆነች!» አለ። እስከ መጨረሻው ሳትንገዳገድ ትስባለች። ሙሉ ላይ ቾኩን በትንሹ ስንነካው ጉልበቷ ትንሽ ቀነሰ፤ ደህና ምልክት ነው።

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። እኔ ግን ድንበሩን ሳላይ አላምንም። 102 አስገባን። መጀመሪያ ላይ እንደውም ፈጠን ያለች መሰለን። ረጅሙን ቀጥታ ሙሉ ላይ ስትሄድ ግን ጉልበቷ ቀስ እያለ ጠፋ፣ እንደሚጎትታት ነገር ሆነ። ቾኩን በትንሹ ስስበው ተመለሰ። ቤንዚን አንሷታል። ወዲያው እጀታውን ለቅቄ ተመለስኩ፤ በዚያ ሁኔታ ረጅም መንዳት አይገባም። ወደ 105 መለስናት።

ለማረጋገጥ አዲስ ካንዴላ አስገባሁ። ጥላሸት የለበሰ አሮጌ ካንዴላ የቀድሞውን ታሪክ እንጂ የዛሬውን አይናገርም። ሙሉ ላይ እየሄድኩ ሳለ በአንድ ጊዜ ፍሪሲዮን ጨብጬ ሞተሩን አጠፋሁ፤ በሚኒሞ ብዞር ኖሮ ምልክቱ ይበላሽ ነበር። ካንዴላውን ፈትቼ በአጉሊ መነጽር አየሁት። የሚታየው የሸክላው ጫፍ ሳይሆን ሥሩ፣ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ጥልቀት ነው። እዚያ ላይ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቀለበት ነበር። ነጭ አይደለም፣ ጥቁርም አይደለም። ዛሬ ያለው ቤንዚን እርሳስ ስለሌለው ቀለሙ እንደ ድሮው ጎልቶ አይወጣም፤ ስለዚህ ካንዴላውን ከመንገዱ ስሜት ጋር አብሬ አነባለሁ እንጂ ብቻውን አላምነውም።

ትንሹ ጄትና መርፌው

ላዩ ተስተካከለ። ታቹ ግን አሁንም ሩብ ላይ ትንሽ ይታፈን ነበር። የሚኒሞው ጄት 35 ነው፤ በብርሃን ሳየው ይህኛው አልተነካም።

እዚህ ካርቡሬተር ላይ የድብልቁ ብሎን ያለው በሞተሩ በኩል ነው። በሞተሩ በኩል ያለ ብሎን ቤንዚን ይቆጣጠራል፤ ሲፈታ ድብልቁ ይወፍራል። በማጣሪያው በኩል ካለ ግን አየር ነው የሚቆጣጠረው፤ ሲፈታ ድብልቁ ይቀጥናል። ይህን ያላየ ሰው ቀኑን ሙሉ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲያዞር ሊውል ይችላል።

ብሎኑን እስኪነካ ድረስ በቀስታ ዘጋሁና ግማሽ ግማሽ ዙር እየፈታሁ ሚኒሞውን አዳመጥኩ። ሞተሩ ይበልጥ የፈጠነውና የጠራው ሦስት ዙር ተኩል ላይ ነበር። ይህ ራሱ መልስ ነው። ብሎኑ ከአንድ እስከ ሁለት ተኩል ዙር ባለው ውስጥ ልኩን ካላገኘ ጄቱ አይመጥንም ማለት ነው። ይህን ያህል ፈትተን ቤንዚን ስንለምነው ትንሹ ጄት ጠቦ ነው። 38 አስገባን። አሁን ልኩ ሁለት ዙር ላይ ሆነ። እጀታው ሲለቀቅ ዙሩ ሳይንጠለጠል ይወርዳል።

ቀጥሎ ስህተት ሠራሁ። መሽቶ ነበር፣ ቸኩዬም ነበር። ሩብ ላይ ትንሽ መንገራገጭ ቀርቶ ስለነበር መርፌውን በቦታው የሚይዘውን ክሊፕ ከ3ኛው ወደ 4ኛው እርከን አወረድኩት፤ በዚያው እጄ የድብልቁን ብሎንም ሩብ ዙር ፈታሁ። ክሊፑ ወደ ታች ሲወርድ መርፌው ከፍ ይላል፣ ቤንዚን ይጨምራል። ነድቼ ስመለስ ሩብ ላይ ጠርቷል፣ ግማሽ ላይ ግን ተንቦርቡሯል። የትኛው ለውጥ ምን እንዳመጣ መለየት አልቻልኩም። ሁለቱንም ወደ ነበሩበት መልሼ ለማግስቱ አሳደርኩት። አንድ ሙከራ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንደሚነካ ለልጁ ጠዋት ነግሬው ነበር፣ ማታ እኔው ጣስኩት፤ ያን ምሽት ነገሩን በግልጽ ነገርኩት።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ቀጠልን። ሰዓቱን የጠበቅነው በምክንያት ነው። ቀዝቃዛ አየር ጠጠር ያለ ስለሆነ ድብልቁን ያቀጥናል፣ ሞቃት አየር ያወፍራል፤ ጠዋትና ቀትር ላይ የተደረጉ ሁለት ሙከራዎችን ማወዳደር ያሳስታል። ከፍታም እንዲሁ ነው። በየ1000 ሜትሩ አየሩ ወደ 10 በመቶ ስለሚሳሳ ለቆላ የተስተካከለች ሞተር ሳይክል ደጋ ላይ ቤንዚን ይበዛባታል።

ክሊፑን ብቻ ወደ 4ኛው ስናወርድ ግማሽ ላይ በዛባት። 3ኛው ላይ ደግሞ ሩብ ላይ ጥቂት አነሳት። የሚያስፈልጋት በመካከል ነው፤ መካከል ደግሞ እርከን የለም። ለዚህ ቀላል ዘዴ አለ። ክሊፑን 3ኛው ላይ ተውኩትና ከሥሩ 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ስስ ሮንዴላ አስገባሁ። መርፌው በግማሽ እርከን ያህል ከፍ አለ። መርፌውን በጣቶቼ ይዤ ሮንዴላዋን ሳሳልፍ ልጁ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ የምስር ፍሬ እንኳ አታህልም። ከቆመችበት ሲያስነሳት መታፈኑ ጠፍቶ ነበር።

ያልጠፋው ተኩስ

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ እንኳ እጀታው ሲለቀቅ ማርሚታው አልፎ አልፎ ይተኩስ ነበር። ልጁ ትንሹን ጄት ወደ 40 እናሳድገው አለ። እምቢ አልኩ። ብሎኑ ልኩን አግኝቷል፣ ሚኒሞው ረግቷል፣ ዙሩ በወጉ ይወርዳል። ታች ላይ ቤንዚን አነሰ የሚል ምስክር ከእንግዲህ አልነበረም።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ማርሚታው ከሞተሩ ራስ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በባትሪ አየሁት። በአንድ ጎኑ ጣት የምታህል ጥቁር የጥላሸት ምልክት ወደ ውጭ ተረጭታለች። በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አልገጠመም። ማርሚታው ሲቀየር አሮጌውን መልሰው ተጠቅመውበታል። እጀታው ሲዘጋ በዚያ ስንጥቅ አየር ይገባል፣ ያልተቃጠለው ጋዝ በጋለው ቧንቧ ውስጥ ይቀጣጠላል፣ ያ ነው የምንሰማው። አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ፣ ተኩሱም ቆመ። ጄት በዚያ ላይ ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር።

የመጨረሻውን ልክ በወረቀት ጽፈን፣ ወረቀቱን በግልጽ ፕላስተር ጠቅልለን ከጎን መሸፈኛዋ ውስጥ ለጠፍነው፦ ትልቁ ጄት 105፣ ትንሹ 38፣ ክሊፕ 3ኛው ላይ ከ0.5 ሮንዴላ ጋር፣ ብሎን 2 ዙር። የተሰረሰረውን 95 ጄት ልጁ ሊጥለው ሲል ተቀበልኩት። በፕላስ ጨፍልቄ ነው የጣልኩት፣ ማንም አንስቶ በስህተት እንዳይጠቀምበት።

ከሁለት ወር በኋላ ደወለልኝ። ሙሉ ላይ እንደገና መንቦርቦር ጀምራለች፣ ጄቱን ወደ 102 ልቀንስ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «መጀመሪያ ማጣሪያውን አውልቀህ እየው» አልኩት። አቧራ ጠጥቶ ነበር። አጥቦ፣ አድርቆ፣ መለሰው። ካርቡሬተሩ አልተከፈተም።